የስኳር በሽታ የሀብታም ብቻ አይደለም

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ገበያ ስለ ስኳር በሽታ ወሬ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «እሱማ የከተማ ሰው በሽታ ነው። ሥጋና ኬክ የሚበላ፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ነው የሚይዘው። እኛ ገበሬዎቹ ከወዴት አምጥተነው!» ይባላል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሹ ግን ሰው ይገድላል።

እስቲ አንድ ጎልማሳ እናስብ። ዕድሜው 28 ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ከቴፒ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ቡናና ጎደሬ ያለማል። በቡና ለቀማ ወራት ኃይለኛ የውኃ ጥም ያዘው። ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ምግብ ይበላል፣ እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ይበላል፤ ሆኖም ይከሳል። ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። ጉልበቱም ከዳው፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ ያነሣው የነበረው የቡና ከረጢት አሁን አልነሣለት አለ።

ቤተሰቡ «ወባ ነው» አለ። በዚህ አገር ወባን መጠርጠር ትክክል ነው። ተመረመረ፤ ወባ የለበትም። ቀጥሎ «ታይፎይድ ነው» ተባለና ኪኒን ተገዛለት። ቀጥሎ «የሰው ዓይን ነው» ተባለ። እንዲህ እየተባለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ማስመለስ ጀመረ፤ ሆዱን አመመው፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፤ አፉ እንደበሰለ ፍሬ ያለ እንግዳ ሽታ አመጣ። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞት ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ እሱ ራሱን ስቷል።

ይህን ሰው ለምሳሌ አመጣነው እንጂ ስም የለውም። የሕመሙ አካሄድ ግን በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው። ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ተወስዳ ብትታይለት ኖሮ በሽታው ገና በጠዋቱ ይታወቅ ነበር።

ለመሆኑ የስኳር በሽታ ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ሰው ስኳር ስለላሰ ብቻ በሽታው አይዘውም። ቡናውን በጨው የሚጠጣ፣ ስኳር ከቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ቆጮም፣ በቆሎም፣ ጎደሬም፣ እንጀራም ሆድ ውስጥ ገብተው ሲፈጩ አብዛኛው ክፍላቸው ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ ወደ ደም ይገባል። ደም እንደ ጅረት እየዞረ ለመላው ሰውነት ያዳርሰዋል። ዶማ የሚያነሣው ክንድ፣ ዳገት የሚወጣው እግር ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ ስኳር ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ስኳር መኖሩ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ አንኖርም።

ነገር ግን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ እንዲገባ በሩን የሚከፍትለት ይፈልጋል። በር ከፋቹ ኢንሱሊን ይባላል። ኢንሱሊን የሚሠራው ከጨጓራ ኋላ በተጋደመው ቆሽት ውስጥ ነው። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» የሚለው ይህንኑ አካል ነው። ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ሲያቅተው፣ ወይም የሠራው ኢንሱሊን አልበቃ ሲል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። እህል ከደጅ ተከምሮ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ልጆቹ ግን እቤት ውስጥ በረሃብ ሲያለቅሱ እንደማለት ነው። ጡንቻው ሲራብ ሰውነት የራሱን ሥጋና ስብ ያቃጥላል፤ ሰውየው ይከሳል። የተትረፈረፈው ስኳር በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይፈስሳል። ሲፈስስ ደግሞ ውኃ ጎትቶ ይሄዳል። ሽንት የሚበዛውም፣ ጥም የሚጸናውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሽንት በፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን ተሰበሰበ የሚባለውም ተረት አይደለም። የጥንት የሕንድ አገር ሐኪሞች ይህን አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውት ነበር። ግን ጉንዳን ባይመጣ «ነጻ ነኝ» ማለት አይቻልም። ጉንዳን ሐኪም አይደለም።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ በመጠጣት፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት አይጋባም። በሽተኛውን ማግለል ነውር ብቻ ሳይሆን ከንቱም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው አባባል እንመለስ። የስኳር በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት 2 የሚባለው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ሰውነቱ የወፈረውን፣ እንቅስቃሴ የሌለውን ሰው ይይዛል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። «የከተማ በሽታ» የተባለው ይህ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ ወደ ገጠር እየገባ ነው። ዓይነት 1 የሚባለው ግን ልጆችንና ወጣቶችን፣ ቀጭኑንም ድኻውንም ሳይለይ ይይዛል። ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ስለሚያቆም በሽተኛው ኢንሱሊን ካልተወጋ አይድንም።

ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ጅማ ትገኛለች። በጅማና በሰሜን በኩል በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሎቻቸው የሚመጡትን አዳዲስ የስኳር ሕመምተኞች ለዓመታት መዝግበው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጡ ያሳዩት ነገር የብዙ ሰው ግምት ተቃራኒ ነው። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ድኾች፣ ቀጫጮችና የገጠር ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዙ ነበር። ሐኪሞቹም «በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ጎድቶ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በሌሎች አገሮችም ሲነሣ የቆየ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ዓይነት 5 ብሎ ለብቻው አውቆታል። በሳይንቲስቶች መካከል ክርክሩ ገና አላለቀም። ለገበሬው ግን ዋናው ነገር ግልጽ ነው፦ ቀጭን መሆን፣ ድኻ መሆን፣ በእግር መሄድ ከስኳር በሽታ ዋስትና አይሆንም።

ከጅማና ከጎንደር ሌላም የምንማረው አለ። ቀድሞ ሕመምተኛው መድኃኒት ለመውሰድ በየወሩ ከገጠር ተነሥቶ ሆስፒታል ድረስ ይሄድ ነበር። አንዳንዱ ቀናት ይጓዛል፤ የመኪናው ዋጋ፣ የማደሪያው ዋጋ፣ የሚፈታው ሥራ ሲደመር ሰው ይሰለቻል፤ ያቋርጣል። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። ሐኪሞቹ በሆስፒታሎቹ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችን አሠለጠኑ። ነርሶቹ ስኳር ይለካሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ያስተምራሉ፤ የከበደውን ብቻ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። የስኳር ብቻ ሳይሆን የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ሕመምተኞችም በዚሁ መንገድ ይታከሙ ጀመር። በእኔ አስተያየት እንደ ቤንች፣ እንደ ሸካና እንደ ከፋ ላለ ጫካው የደፈነ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ለሚዘጋ አገር የሚበጀው ይኸው ነው። በሚዛንም በቴፒም ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ሕመምተኛው በየወሩ የሚመለስበት ቦታ በቅርቡ ካልሆነ የሆስፒታሉ መኖር ብቻውን አይበቃም።

ምርመራው እንዴት ነው? ቀላል ነው። የጣት ጫፍ በትንሽ መርፌ ይነካል። አንዲት ጠብታ ደም በቀጭን ወረቀት መሰል ነገር ላይ ታርፋለች። መዳፍ የምታክል መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ ቁጥር ታወጣለች። ሌሊቱን ምግብ ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ተለክቶ ቁጥሩ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይጠረጠራል፤ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ምልክቶቹ የሚታዩበት ሰው ግን በልቶም ቢሆን ተለክቶ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አለበት። ቁጥሩን ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚለው ቃል አይበቃም፤ ቁጥሩ ለሚቀጥለው ሐኪም ይጠቅማል።

ማን ይመርመር? ጥም፣ የሽንት ብዛትና ክሳት ያለበት ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን በዚያው ቀን ይመርመር። ማስመለስና ፈጣን ትንፋሽ ከጨመረበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ምልክት ባይኖራቸውም ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ፣ የወፈሩ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ እናት አባታቸው ወይም ወንድም እህታቸው ስኳር ያለበት፣ እንዲሁም በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባቸው ወይም ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለዱ ሴቶች ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

አንዳንድ ጊዜ መርማሪዎች በገበያ ቀን ጠረጴዛ ዘርግተው የሰዉን ደም ይለካሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ግን መለካት ብቻውን ሕክምና አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ነገ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ካልተነገረው፣ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን የተለካችሁ ሁሉ ከጠረጴዛው ሳትለዩ «ቀጥሎስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩበት አሠራር አላቸው።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ዓይነት 2 ያለባቸው ብዙዎቹ ሜትፎርሚን በሚባል ኪኒን ይታከማሉ። ሌሎቹ ኢንሱሊን መወጋት አለባቸው። ኢንሱሊን ለሕክምና የተገኘው በ1913 ዓ.ም. በካናዳ አገር፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የተባሉ ሰዎች ከውሻ ቆሽት አወጡት። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ተወጊ ሆነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ከ10 ዓመት በላይ ኖረ። «ኢንሱሊን ከጀመሩ በኋላ ይሞታል» የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል። የሚሞተው ዘግይቶ የጀመረው ወይም ያቋረጠው ነው።

«ዛሬ ምግብ አልበላሁም፣ አሞኛል፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑን ልተወው» ማለትም አደገኛ ነው። ሰው ሲታመም የደሙ ስኳር ይጨምራል። መጠኑ ምን ይሁን የሚለው ከነርሱ ጋር ይነገር እንጂ ፈጽሞ አይቋረጥ። ጠበል የሚጠመቅም፣ በጸሎት የሚያምንም፣ ረመዳንን የሚጾምም ሰው እንደዚሁ ነው። ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ከጤና ባለሙያ ጋር ይምከር። ጠበልና መርፌ አይጣሉም። ስለ መራራ ቅጠልም ይነሣል። «ጣፋጩን መራራ ይገድለዋል» ብለው ግራዋ ጨምቀው የሚጠጡ አሉ። ምላስ የሚቀምሰው መራራነት ደም ውስጥ ገብቶ ስኳርን አያባርርም። ቅጠሉን ተማምኖ ኢንሱሊን መተው ነው ሰውን የሚጎዳው።

ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። በረዶ ቢያደርቀውም ይበላሻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የአገራችን ሸክላ ይረዳል። አንዱን ትንሽ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና አሸዋውን በውኃ አርሱት። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ አኑሩት፤ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ማሰሮው ነፋስ የሚነካውና ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ከምድጃ አጠገብ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማንጠልጠል መድኃኒቱን መቀቀል ነው። በበበቃና በቴፒ ቆላ ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ተወግቶ ምግብ ሳይበላ ከቆየ፣ ከልክ በላይ ከሠራ፣ ወይም በባዶ ሆዱ አረቄና ጠጅ ከጠጣ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ሰው አይቶ «ሰክሯል» ወይም «ውቃቢ ተነሣበት» ይለዋል። ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ማር ማጠጣት ነው። ለስኳር በሽተኛ ማር? አዎን፣ በዚህች ሰዓት ማር መድኃኒቱ ነው። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ታንቆ እንዳይሞት በአፉ ምንም አይፈስስበት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቡና ለቀማ የሚሄድ ሕመምተኛ በኪሱ ከረሜላ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይያዝ፤ አብሮት የሚለቅመውም ሰው ይወቅለት።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቆጮ፣ ጎደሬ፣ በቆሎና ሙዝ ክልክል አይደሉም፤ በልክ ይሁኑ። ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ አተሩን ማብዛት ይጠቅማል። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቅር። ቡናውስ? ያለ ስኳር ይጠጣ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ የምግብ ሰዓቱን ያክብር።

እግር ግን ረዘም ያለ ነገር ይፈልጋል። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከበዛ የዓይንን፣ የኩላሊትንና የልብን ሥሮች ይጎዳል። ከእግር ደግሞ ስሜት ይወስዳል። ስሜት የሌለው እግር የተቆረጠ የቡና ግንድ ቢወጋው አያውቅም። ማታ እሳት ዳር የተኛ ሰው ተረከዙ እየተቃጠለ ሳይነቃ ሊያድር ይችላል። ሙጀሌ ገብቶ፣ በመርፌ ወጥቶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሳያመው ይቆያል። አለማመሙ ነው ክፋቱ፤ ሰው የማያመውን ነገር አያስታምምም። በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አይሂድ። ጫማውን ከማድረጉ በፊት እጁን ከቶ ጠጠር ወይም እሾህ እንደሌለበት ይዳስስ። ማታ ማታ እግሩን በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ጣቶቹን አድርቆ፣ ውስጥ እግሩን ይመልከት። ዓይኑ ከደከመ ልጁ ይመልከትለት። የውኃውን ሙቀትም ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት።

አሁን ማንበብ የቻላችሁ ሰዎች በዚህ በሽታ ላይ ትልቅ መሣሪያ አላችሁ። የኢንሱሊን መርፌ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 10፣ 20፣ 30 እያለ ይሄዳል። መርፌዎቹ ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። እስከ 100 በሚደርሰው መርፌ ላይ ብዙውን ጊዜ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ማለት ናት። እስከ 50 በሚደርሰው ላይ ግን አንዷ መስመር 1 ናት። መስመር ብቻ እየቆጠረ የሚወጋ ሰው መርፌው የተለወጠለት ዕለት እጥፍ ወይም ግማሽ ይወጋል። ቁጥር የሚያነብ ሰው ግን አይሳሳትም። አዲስ ዓይነት መርፌ ሲሰጣችሁ ነርሱ ፊት ቀድታችሁ አሳዩ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የመበላሻ ቀንም አንብቡ፤ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ወሩን አስተያዩት። ጠርሙሱን የከፈታችሁበትን ቀን በላዩ ጻፉ፤ ከ4 ሳምንት በላይ አይቆይ። ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። ጥርት ብሎ የነበረው ደፍርሶ ከተገኘ አይወጋም።

የቤተሰብ ማንበብ የማይችል ካለ የቀጠሮ ካርዱን አንብባችሁ ንገሩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያውን ማሳደሱንም ጠይቁት። ያገለገለውን መርፌ ደግሞ ከቤት ጓሮ ወይም ከቡናው ሥር አትጣሉት፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል። ጠንካራ ክዳን ባለው የላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅማችሁ፣ ጠርሙሱ ሊሞላ ሲል ለጤና ጣቢያው ነርስ መልሱ።